የበረዶ ጠባቂው ቁና

በረዶ ከወረደ በኋላ የዝናብ መለኪያ ጠባቂ መጀመሪያ የሚፈልገው ለብ ያለ ውሃ ነው። በመለኪያዋ አፍ ላይ የተቆለለው በረዶ በራሱ ጊዜ እስኪቀልጥ ቢጠበቅ ፀሐይና ነፋስ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ስለዚህ ለብ ያለውን ውሃ በመስፈሪያው ብርጭቆ ለክቶ ማፍሰስ፣ በረዶው ሲሟሟ ሁሉንም አንድ ላይ መስፈር፣ በመጨረሻ የራስን ውሃ ቀንሶ የሰማዩን ብቻ መጻፍ ነው።

ጋሸና ላይ ሳስተምር ይህችን ሥራ ደርቤ እሠራ ነበር። ሰዓቷ አትዛነፍም፤ ጠዋት 3 ሰዓት። አንድ የሚያዝያ ጠዋት፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ የወረደው በረዶ ሌሊቱ ስለቀዘቀዘ ገና ሳይቀልጥ፣ ማንቆርቆሪያ ይዤ ጎንበስ እንዳልኩ ጎረቤቴ የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፈው ያዩኛል። ሊያሸት የነበረ የበልግ ገብሳቸው ከመሬት ተለጥፏል።

«ስንት አልከው፣ መምህር?»

«አሥራ አራት ሚሊ ሜትር፣ አባቴ።»

«የምን?»

«የዝናብ።»

ዝም አሉ። ቆይተው፣ «በረዶ የሚጻፍበት የለውም መዝገብህ?» አሉኝ። በስተቀኝ ጠርዝ ላይ ‹ማስታወሻ› የምትል ጠባብ ዓምድ እንዳለች አሳየኋቸው።

«እንግዲያው እዚያች ላይ ገብሴን ጻፍልኝ» ብለው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ሄዱ።

እኔም ‹በረዶ፣ ማታ 12 ሰዓት› ብዬ ጻፍኩ። ዓምዷ ከዚያ በላይ አትችልም። ይህች የመለኪያ ቆርቆሮ ከመምጣቷ በፊት እዚህ አገር በረዶና ወጀብ መምጣቱን ማን ይናገር እንደነበር፣ ሳይሳካለትስ ማን ይጠየቅ እንደነበር ሽማግሌዎችን ማሰልቸት የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

አገሩን ለማያውቅ ሰው፦ ከወልዲያ ተነስቶ በዲልብ በኩል ዳገቱን የወጣ መኪና አንዴ ሜዳው ላይ ከደረሰ በኋላ የሚከለክለው ነገር የለም። ነፋሱንም እንደዚያው። ጋሸና ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የመንገድ መገንጠያ ናት። ወደ ሰሜን የሚታጠፈው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ላሊበላ ይገባል። ወደ ምዕራብ የሚቀጥለው በደብረ ዘቢጥ አልፎ ጋይንት ይወርድና ነፋስ መውጫ ከምትባል ከተማ ያደርሳል። ስሙን ያወጡት ሰዎች ሊቃውንት መሆን አላስፈለጋቸውም፤ ጥቂት ቆመው ጋቢያቸውን መያዝ ብቻ በቂ ነበር። እኛም ዘንድ የቆርቆሮ ጣራ በሚስማር ብቻ አይታመንም፣ ድንጋይ ይጫንበታል። የአይሱዙ ሾፌሮች ከሰዓት በኋላ ሜዳውን ከማቋረጣቸው በፊት ወርደው የሸራውን ገመድ ሲያጠብቁ ያየ ልጅ፣ ያለ ሬዲዮ የአየር ትንበያ ሰማ ማለት ነው።

የየካቲትና የመጋቢት ቀን እንዲህ ይሄዳል። ጠዋት ጸጥታ ነው፤ የምድጃ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሜዳው ሲግል አቧራ ትንንሽ እንዝርት እየሠራ ይነሳል። 8 ሰዓት ላይ በምሥራቅ በኩል፣ ከቆላው ጠርዝ፣ ደመና ራሱን ብቅ ያደርጋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የአንድ ሰዓት ጉዳይ ነው። መጀመሪያ የሚደርሰው ዝናቡ አይደለም፤ እርጥብ አፈር እርጥብ አፈር የሚል ቀዝቃዛ ነፋስ ነው። ይህ ነፋስ ከደመናው ሥር የሚወርደው ዝናብና በረዶ አቀዝቅዞት ቁልቁል የወደቀ አየር ነው። መሬት ሲመታ መሄጃ ስለሚያጣ ወደ ጎን ይፈስሳል፤ ጣራ የሚነቅለውም ያ ነው። እረኞች ፊዚክሱን አያውቁትም፣ ሽታውን ግን ያውቁታል፤ ሽታው በደረሰ በደቂቃዎች ውስጥ በጎች ወደ ገደል ሥር ይነዳሉ።

ስለ ወቅቱ ስምም አንድ ነገር ልበል፣ ሁልጊዜ ስለሚያናድደኝ። መስከረም በጠባ ቁጥር ሬዲዮው «እንኳን ለጸደይ አደረሳችሁ» ይለናል። በቤተ ክርስቲያኑ አቆጣጠር ግን ከክረምት ቀጥሎ ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለው መጸው ነው። ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ሲሆን እስከ ሰኔ 25 ይቆያል። ገበሬው በልግ የሚለው ከየካቲት ጀምሮ ነው፣ የሚቲዎሮሎጂ ሰዎችም ከየካቲት እስከ ግንቦት ድረስ ይሉታል። ለወሎ ደጋ ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የበልግ ገብስ የሌለበት ዓመት ክረምቱን የሚሻገረው በብድር ነው። በረዶውም የሚወርደው በዚሁ ወቅት፣ ሰብሉ ራስ ባወጣ ጊዜ ነው።

ስለ ነፋስ የተጻፈውን የሚፈልግ ሰው በግእዝ የሚያገኘው ነገር ያስደንቃል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ በፈረንጅ 1773 አውሮፓ እስኪገባ ድረስ የዚያ አገር ሊቃውንት መጽሐፉን በስሙና በቁርጥራጩ ብቻ ነበር የሚያውቁት። ከ72ኛው ምዕራፍ ጀምሮ የፀሐይና የጨረቃ ሒሳብ ይመጣል፤ 76ኛው ሙሉ በሙሉ የነፋስ ነው። በምድር ዳርቻ አሥራ ሁለት የነፋስ በሮች አሉ ይላል፣ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት። አራቱ በረከት ያወጣሉ፣ ስምንቱ ጥፋት። ምሥራቁን ሲዘረዝር ወደ ደቡብ ያዘነበለው በር ድርቅና ሐሩር፣ ወደ ሰሜን ያዘነበለው ብርድና ድርቅ፣ መካከለኛው ግን ዝናብ፣ ፍሬና ጠል ያመጣል።

መጽሐፉ ጋሸናን አስቦ አልተጻፈም፣ ይህን አውቃለሁ። ግን በየኔታ እግር ሥር ሄኖክን የሰማ የላስታ ልጅ ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ ምሥራቅን ቢያይ ምን ያስብ ነበር? የበልግ እርጥበት ወደ እኛ የሚመጣው በእርግጥም በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ከዓረብ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ ነው። በከፍታው ደግሞ ከሜዲትራኒያን በኩል የሚዘልቅ ቀዝቃዛ አየር ይገናኘዋል። ታቹ ሞቆ ረጥቦ፣ ላዩ በርዶ ሲገኝ ደመናው ወደ ላይ ይተኮሳል፣ በረዶም ይሠራል። አንዱ ብቻ ቢመጣ ወይ ጉም ነው፣ ወይ ደረቅ ነፋስ።

የኮከብ ቆጠራውን መጽሐፍ ዐውደ ነገሥትን በተመለከተ እጄ አይረዝምም። አሥራ ሁለቱን ከዋክብት ለእሳት፣ ለመሬት፣ ለነፋስና ለውሃ ያከፋፍላል፤ ገውዝ፣ ሚዛንና ደለዊ የነፋስ ናቸው። ዘመኑ የማቴዎስ ነው የማርቆስ እያሉ የዓመቱን ጠባይ የሚናገሩም አሉ። ባሕረ ሐሳብ በዓላትንና አጽዋማትን ለማውጣት እንከን የማይወጣለት ሒሳብ ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ በሉቃስ ጳጉሜን 6 ማድረጉ ራሱ ለፀሐይ ዑደት የተደረገ እርማት ነው። ዘመነ ሉቃስ ነውና በረዶ ይበዛል የሚለኝን ሰው ግን ካለፉት ሉቃሶች አንዱን እንዲያስታውሰኝ እጠይቀዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል።

ወሬው የማይቆመው በረዶ የሚመልስ ደብተራ ሲነሳ ነው።

አያቴ ላስታ ውስጥ ገበሬ ነበሩ። በእሳቸው ወጣትነት መንደሩ ደብተራ ይዋዋል ነበር። ውሉ የሚታሰረው በልግ ሲዘራ ነው፤ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ከየቤቱ አንዳንድ ቁና ገብስ ይታሰባል። ክፍያው ግን እጅ በእጅ አይደለም። አውድማ ላይ፣ ገብሱ ተወቅቶ ከተመረተ በኋላ ነው። በረዶ የመታው ማሳ ባለቤት ቁናውን አይሰፍርም። በአንድ በልግ ሁለት ጊዜ ከተመታ መንደሩ ሌላ ደብተራ ይፈልጋል። እስቲ ልብ በሉልኝ፤ ሳይሳካለት ደመወዙን የሚያጣ የአየር ጠባይ ባለሙያ ሌላ የት ሰምታችኋል?

ሰውዬውም እንዲሁ የሚሞኝ አልነበረም። የመጀመሪያ መከላከያው የበዓል ሻሪ ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ በሬ የጠመደ ሰው በረዶ ይጠራል የሚለው እምነት ዛሬም በደጋው አለ። በረዶ ሲወርድ ደብተራው ቀድሞ የሚጠይቀው «ማን ነው በሚካኤል ያረሰ?» ብሎ ነው። መንደሩ እርስ በርሱ ይፈላለግና አንድ ሰው አይጠፋም። ጥፋቱ ከደብተራው ትከሻ ወርዶ ከአንድ ምስኪን ጫንቃ ላይ ይቀመጣል። አያቴ ይህን ሲያወሩ ይስቁ ነበር፤ አባታቸው አንድ ጊዜ እንዲህ ሆነው በግ ከፍለዋል።

ሁለተኛው መከላከያው ግን ዕውቀት ነበር፣ እኔ የምወደውም እሱን ነው። አያቴ እንዳሉት ደብተራው ከሰዓት በኋላ ከጉብታው አይወርድም። የደመናውን ሆድ ያያል፤ ጥቁር ብቻ ከሆነ ዝናብ ነው ይላል፣ ጥቁሩ ውስጥ የነጣና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነገር ከታየ ይነሳል። ጆሮውን ይሰጣል፤ በረዶ የያዘ ደመና ከሩቅ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል፣ ያለ መቋረጥ። ነፋሱ ከየት ወደ የት እንደዞረ አቧራውን ያያል። ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ነው መቋሚያውን ይዞ ደመናውን መገሠጽ የሚጀምረው። «ሊያልፍ መሆኑን ያየውን ደመና ነበር አጥብቆ የሚገሥጸው» ይሉኛል አያቴ። «ሊወርድብን የመጣውንማ ዝም ብሎ ያየዋል፣ ከዚያ ሚካኤልን ይጠይቃል።»

ይህ ቀልድ አይመስለኝም፤ የትንበያ ጥበብ ምን እንደሆነ ከሰማኋቸው ሁሉ የተሻለው ገለጻ ነው። ሰውዬው ዓመቱን ሙሉ የሚበላው ቁና በዚያ ደመና ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ ስለዚህ ደመና ማንበብ ተማረ። የበረዶም ባሕርይ ረድቶታል። በረዶ ሜዳውን ሁሉ አይመታም፤ እንደ ጥለት በመስመር ይሄዳል፣ የአንዱን ማሳ አጭዶ የጎረቤቱን ሳይነካ ያልፋል። የተረፈለት ሁሉ ለጸሎቱ ምስክር ነው።

በ1860 ዓ.ም. በዚህ ሜዳ ላይ ሁለት ሠራዊት አለፈ። አፄ ቴዎድሮስ በመስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነስተው ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፋቸውን እያስጎተቱ በዚሁ በዋድላ ሜዳ አድርገው፣ የጂጣን ገደል መንገድ አስጠርበው፣ በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። ከሰሜን በላስታ በኩል የመጣው የጄኔራል ናፒየር የእንግሊዝ ጦርም በመጋቢት ዋድላ ላይ ወጣ፤ ጂጣን የወረደውም ንጉሡ ባሠሩት መንገድ ነበር። ቴዎድሮስ የሴባስቶፖልን ጉዞ በበጋው ወራት ውስጥ ማድረጋቸው የአገር ልጅ ስሌት ነው፤ ያ ብረት በበልግ ጭቃ ጂጣን የሚወርድ አልነበረም።

ከእንግሊዞቹ ጋር ክሌመንትስ ማርክሃም የሚባል የጂኦግራፊ ሰው ከፍታ እየለካ፣ አገሩን እየመዘገበ መጣ፤ የዘመቻውን ታሪክም በፈረንጅ 1869 አሳተመ። በእኛ ሜዳ ላይ በመሣሪያ እየለኩ ካለፉት መጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ መሆኑ ነው። ሚያዝያ 3፣ የስቅለት ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ በመቅደላ ሥር አሮጌ ላይ ውጊያው ሲጋጋል የበልጉ ነጎድጓድና ዝናብ በሁለቱም ላይ ወረደ። የፈረንጅ ጸሐፊዎች የመድፉና የሰማዩ ድምፅ መቀላቀሉን እንደ ትርኢት ጻፉት። የዋድላ ሰው ቢጠየቅ ኖሮ፣ በሚያዝያ ከ9 ሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ መቆም ምን እንደሆነ አስቀድሞ በነገራቸው ነበር።

መንግሥታዊው ትንበያ የተወለደው ለገበሬ ተብሎ አይደለም፤ ለአውሮፕላን ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ በሲቪል አቪዬሽን ሥር አንዲት ትንሽ ክፍል ተቋቋመች። ራሱን የቻለ ብሔራዊ የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት የመጣው በታኅሣሥ 1973፣ በአዋጅ ቁጥር 201 ነው። በመካከሉ 1966 አለ፤ ከዚያም ወዲህ 1977። ወሎን ሁለት ጊዜ የገደለው የዝናብ መጥፋት ስለነበር መሥሪያ ቤቱ ዓይኑን በድርቅ ላይ መትከሉ አይገርምም። የየወቅቱን ትንበያ ማውጣት የጀመረው በ1979 ሲሆን፣ ዓመቱ የኤልኒኖ ዓመት ነበር።

የመጀመሪያ ዘዴያቸውን ሳነብ አያቴ ትዝ አሉኝ። የዘንድሮን ውቅያኖስና ነፋስ ያዩና፣ ካለፉት ዓመታት ይህን የሚመስለው የትኛው ነው ብለው ይፈልጋሉ፤ ያ ዓመት እንደሆነው ይሆናል ይላሉ። አያቴም መጋቢት ላይ ደጃፍ ተቀምጠው «ዘንድሮ አያያዙ የዚያን ዓመት ይመስላል» ይሉ ነበር። ልዩነቱ የሳቸው መዝገብ ትዝታቸው ብቻ መሆኑ፣ ባሕሩንም አለማየታቸው ነው።

ባሕሩ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ተመራማሪዎቹ ዱላ ሻንቆና ፈረንሳዊው ፒየር ካምበርለን በፈረንጅ 1998 ባወጡት ጥናት፣ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ፣ በማዳጋስካር በኩል፣ ብዙ አውሎ ነፋስ በሚነሳበት ዓመት የኢትዮጵያ በልግ እንደሚጎዳ አሳይተዋል። አውሎ ነፋሶቹ እርጥበቱን ወደዚያው ይስቡታል። በጋሸና ሜዳ ላይ ምሥራቅን አይቶ ዝናብ የሚጠብቅ ሰው፣ ዝናቡን የወሰደበት አውሎ ነፋስ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ፣ እሱ በማያውቀው ባሕር ላይ እየተሽከረከረ ነው። ይህን የትኛውም ደብተራ ከጉብታ ላይ ሊያየው አይችልም፤ እዚህ ላይ ሳይንሱን ያለ ማንገራገር እጅ እነሳለሁ።

ግን ትንበያው ‹ከመደበኛ በላይ›፣ ‹መደበኛ›፣ ‹ከመደበኛ በታች› ብሎ የሚናገረው ስለ አራት ወር ነው። ጎረቤቴን የመታቸው ሃያ ደቂቃ ነው። ያችን ሃያ ደቂቃ ከጥቂት ሰዓት በፊት ለመናገር ራዳር፣ ሳተላይትና ስልክ ይፈልጋል፤ ተነግሮም ገብስ ተነቅሎ ቤት አይገባም። ደብተራው እንኳ ገብሱን ማሸሽ አልቻለም። የቻለው ኪሳራውን ከመንደሩ ጋር መካፈል ነው፤ አንድ ቁናም ብትሆን።

ስለ ነፋስ ማን ይጠየቃል የሚለው ነገር ላሊበላም ደርሶ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ፍልፍሎቹን ቤተ ክርስቲያናት ከዝናብ ለማዳን በትላልቅ የብረት ምሰሶዎች ላይ አራት መጠለያዎች ተተከሉ። ጊዜያዊ ናቸው ተብሎ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ የከተማው ሰው ዝናቡን ትቶ ነፋሱን መፍራት ጀመረ፤ ያ ሁሉ ብረት አንድ ቀን በወጀብ ቢወድቅ የሚወድቀው በቤተ መድኃኔ ዓለምና በቤተ ማርያም ላይ ነው። በመስከረም 2011 ሕዝቡ ይህንኑ ይዞ አደባባይ ወጣ። ለሃያ ደቂቃ ወጀብ ብሎ ሰልፍ የሚወጣ ሕዝብ በረዶ ጠባቂ ይዋዋል የነበረ ሕዝብ ልጅ ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው ያየሁት።

የዝናብ መለኪያዋን ካስረከብኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ቅጂዎቹን ግን አልጣልኩም። በቀደም አውጥቼ የዚያን ሚያዝያ ገጽ ደመርኩት፤ በአሥራ አራቷ ሚሊ ሜትር ተደግፎ ከመደበኛ በላይ ሆኖ ይነበባል። ጎረቤቴ የዚያን ዓመት የክረምት ቀለብ የሸመቱት ከወልዲያ ገበያ ነው።